«ለምን ዘገየሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፦ ከካርት እስከ ፎርሙላ 1

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ አሠልጣኞች፣ መካኒኮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሄልሜታችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከአሁኑ ያዙልኝ፤ የዚህ ስፖርት መዝገብ ሁሉ የተጻፈው በዚያ ነውና።

ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ ፈጣን ነው ወይ?» ይላል። ፈጣን ልጅ ሞልቷል። በየትኛውም የካርት፣ ያችኛዋ ትንሿ ክፍት የእሽቅድድም መኪና፣ ውድድር ሄዳችሁ ብትቆሙ አምስት ስድስት ፈጣን ልጅ ታያላችሁ። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ልጁ ለምን እንደፈጠነ ያውቃል ወይ? ትናንት በዚሁ ትራክ፣ በዚሁ ካርት፣ ከዛሬው በሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ከሆነ፣ ለምን እንደዘገየ መናገር ይችላል ወይ? ወደ ላይ የሚያወጣው ይህ ነው። ለምን ፈጠነ? ለምን ዘገየ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ደጋግሜ አነሳዋለሁ፤ አትሰልቹብኝ።

አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ካርቱ ራሱ ነው፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሁለተኛው ጎማና ሞተር፣ ሦስተኛው የልጁ አንደበት፣ አራተኛው ከካርት ወጥቶ መኪና ውስጥ መግባት ነው። ስለ ገንዘቡና ስለ መንጃ ፈቃዱ መጨረሻ ላይ አነሳለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። ካርት የተወለደው በ1956 በካሊፎርኒያ ነው። አርት ኢንግልስ የሚባል የእሽቅድድም መኪና ሠሪ የሣር ማጨጃ ሞተር ወስዶ ከብረት ቱቦ በሠራው ሻንሲ፣ ማለትም የመኪናው አጽም፣ ላይ አሰረው። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ባሌስትራ የለውም። አሞርዛተር የለውም። ዴፍሬንሻል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው መሣሪያ፣ የለውም። ታዲያ ዴፍሬንሻል የሌለው ነገር እንዴት ይታጠፋል? እስቲ አስቡት። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክስል ላይ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም እኩል ይዞራል። ኩርባ ውስጥ ግን የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ሁለቱም መሬት ከያዙ አንዱ የግድ ይጎተታል። ሲጎተት ካርቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ ሞተሩም ይታፈናል፣ ዙሩ ይወርዳል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ለቅጽበት ከመሬት መነሣት አለበት። ልጆች፣ ካርታችሁን ማቆሚያው ላይ አውጡና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩ። ከዚያ ከፊት ሆናችሁ ተመልከቱ። የግራው የፊት ጎማ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀኙ ወደ ላይ ይወጣል። የፊት ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ካርቱ መሬት ላይ ሲሆን ያ የወረደው የግራ ጎማ የሻንሲውን የግራ ፊት ወደ ላይ ይገፋል፣ ቱቦው ይጠማዘዛል፣ የግራው የኋላ ጎማ ይነሣል። ስለዚህ በካርት ላይ መሪ ማዞሪያ ብቻ አይደለም፤ ማንሻም ነው። ልጁ መሪውን በቀስታ፣ በዝግታ ካስገባ ጎማው አይነሣም፤ ካርቱ ይታፈናል። አጥብቆና በጊዜው ካስገባ ይነሣል። ብዙ ካዞረ ደግሞ ከሚገባው በላይ ተነሥቶ ይቆያል፤ ያኔ የውጭው የኋላ ጎማ ክብደቱን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል፣ ይሞቃል፣ ይንሸራተታል።

ሻንሲው ራሱ ባሌስትራ ነው ማለት ነው። ቱቦው በአብዛኛው 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ባለ 30ው ይበልጥ ይተጣጠፋል። የአዋቂዎቹ ካርት አክስል 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ እየተባለ ይሸጣል። መቀመጫው በቡሎን ሲታሰር እርሱም የሻንሲው አካል ይሆናል። አባቶች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የልጁ ክብደት ከካርቱና ከልጁ ድምር ግማሹን ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የካርት ትልቁ ማስተካከያ መቀመጫው ነው። አራት ሚዛን በአራቱ ጎማ ሥር አድርጋችሁ ልጁን በሙሉ ልብሱ አስቀምጡትና መዝኑ። ከጠቅላላው 43 በመቶ ያህሉ ፊት፣ 57 በመቶ ያህሉ ኋላ ቢያርፍ ጥሩ መነሻ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ልጁ በክረምቱ አምስት ሴንቲ ሜትር አድጎ፣ መቀመጫው ባለበት ቆይቶ፣ «ካርቱ ተበላሸ» ሲባል ስንቴ እንሰማለን? የተለወጠው ልጁ ነው።

ካርቱ ኩርባ ውስጥ እንደ ፈረስ የሚዘል ከሆነስ? ይህ የሚመጣው ትራኩ ብዙ ጎማ በልቶ መያዣው ሲበዛ ነው። ልጁ «ካርቱ አይዝም» ይላል፤ እውነቱ ግን ከመጠን በላይ ይዞ መሆኑ ነው። የኋላውን ስፋት ከአክስሉ በኩል በ5 በ5 ሚሊ ሜትር አስፉት፤ ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛው ስፋት በብዙ ምድብ 140 ሴንቲ ሜትር ነው። ካልተሻለ መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ የኋላው ይጠባል፣ የፊቱ ይሰፋል፣ የምሰሶው ዝንባሌ ይጨመራል፣ መቀመጫውም ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም በእርጥብ መሬት ላይ ክብደት ለማዘዋወር የሚረዳ ኃይል የለም፣ ጎማውን ለማንሣት እያንዳንዱን እርዳታ መፈለግ አለብን። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የዙሩን ሰዓት ለኩ፤ ጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ካርቱ ቢሻሻል እንኳ ለምን እንደተሻሻለ ማንም አያውቅም።

ያገለገለ ሻንሲ ለምትገዙ ደግሞ ይህን አድርጉ። ካርቱን ገልብጡትና ሆዱን ተመልከቱ። የትራኩ ጠርዝ እየላሰው ቱቦው ከሥር ጠፍጥፎ ከሆነ አትግዙት፤ ያ ቦታ ሳስቷል፣ ይሰነጠቃል። ብየዳው ላይ ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ፈልጉ። ብዙ ዘመን የተነዳ ሻንሲ ቀጥ ብሎ ቢለካ እንኳ የመመለስ ጉልበቱን ያጣል፤ ልጁ ቢለምደው እንኳ ሰዓቱ አይወርድም።

ታሪክ ላንሣ። የፌርናንዶ አሎንሶ አባት ሆሴ ሉዊስ የመጀመሪያዋን ካርት የሠራት ለትንሹ ልጁ አልነበረም፤ ለታላቅ እህቱ ለሎሬና ነበር። እርሷ አልወደደቻትም። ሦስት ዓመት የሆነው ወንድሟ ገባባት። እግሩ እንዲደርስ ፔዳሉን አባቱ አስተካከሉለት። ያ ልጅ በ1996 በጌንክ የጁኒየር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2005 እና በ2006 የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ሆነ። አባትየው መካኒኩም፣ ሾፌሩም እርሳቸው ነበሩ። እናቶች፣ አባቶች፣ ካርቱን በእጃችሁ ፍቱት፤ ልጁም አብሯችሁ ይፍታ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ጎማና ሞተር።

የደረቅ ጎማ ግፊት ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማው ዓይነትና እንደ ትራኩ ከ0.6 እስከ 0.8 ባር አካባቢ ነው። ሲሞቅ ይወጣል። ከሚገባው በላይ ነፍታችሁ ከወጣችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ያምራሉ፤ ከዚያ ጎማው ይነፋል፣ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ይንሸራተታል። አሳንሳችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ውድድሩ አጭር ከሆነ ሳይሞቅ ያልቃል። ስለዚህ የማጣሪያው ግፊትና የፍጻሜው ግፊት አንድ አይሆንም። ለማጣሪያ በሁለተኛው ዙር የሚመጣ ጎማ ትፈልጋላችሁ፤ ለፍጻሜ እስከ መጨረሻው ዙር የሚቆይ። ልጁ ከትራክ እንደወጣ፣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ፣ የአራቱም ጎማ ግፊት ይለካ። አምስት ደቂቃ ከቆየ ቁጥሩ ዋሽቷል። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ፣ ያ ጎማ የልጁን ስሕተት ይናገራል። ሁልጊዜ የውጭው የኋላ ጎማ የሚነፋ ከሆነ ልጁ ኩርባው ውስጥ ካርቱን እያንሸራተተ ነው፤ በዓይን ሲታይ ያምራል፣ በሰዓት ሲታይ ይከስራል።

ሞተሩን በሚመለከት፣ የካርት ሞተር በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ሌላ ቅባት የለውም። አምራቹ ያዘዘውን መጠን አክብሩ፤ አንዱ 2 በመቶ ይላል፣ ሌላው 4። ለ10 ሊትር ቤንዚን 4 በመቶ ማለት 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ መለኪያ ያዙ። አዲስ ፒስተን ከገባ ሮዳጅ ይደረግለት።

ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ። ቡኒ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሞተሩ ይሰንፋል እንጂ አይሞትም። ነጭ ከሆነ ግን አስቸኳይ ነው፤ ቤንዚኑ አንሷል፣ ከቤንዚን ጋር የሚመጣው ዘይትም አንሷል፣ ፒስተኑ ሊይዝ ነው። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ቤንዚን ጨምሩለት። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ቀንሱ። ብዙ ፒስተን የሚይዘው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ ልጁ እግሩን ከጋዝ በሚያነሣበት ቅጽበት ነው። ዙሩ ገና ከፍ እንዳለ ነው፤ ቤንዚኑና ዘይቱ ግን ተቋረጠ። የድሮ ካርተኞች እዚያ ቦታ ላይ በአንድ እጃቸው የካርቡሬተሩን አየር መሳቢያ ለአፍታ ይሸፍኑ የነበረው ለዚህ ነው።

ካቴናው የሚዞርበትን የማርሽ ጥርስም አትርሱ። ፊት 10፣ ኋላ 82 ጥርስ ቢኖር ንጽጽሩ 8.2 ነው። ኋላ አንድ ጥርስ ስትጨምሩ በደቂቃ 16,000 ዙር አካባቢ በሚዞር ሞተር ላይ 200 ያህል ዙር ይጨምራል፤ ከኩርባ አወጣጡ ይሻሻላል፣ በቀጥታው መጨረሻ ላይ ግን ሞተሩ ቀድሞ ጣራውን ይነካል። ፊት ላይ አንድ ጥርስ መለወጥ ኋላ ላይ ስምንት ያህል ጥርስ እንደመለወጥ ነው። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይጫወት። ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከላላ ይወልቃል።

ይህን ሁሉ ለምን ለሕፃን ልጅ? ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ወዳጆቼ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካንዴላ ማንበብ ይችላል። ጥርስ መቁጠር ይችላል። የሚከለክለው እኛ ስንሠራለት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ ለእኔ ዋናው፣ የልጁ አንደበት ነው።

ልጁ ከትራክ ይወጣል። መካኒኩ «እንዴት ነበር?» ይለዋል። ልጁ «አሪፍ ነው» ወይም «አይሄድም» ይላል። በዚህ መልስ መካኒኩ ምን ይሥራ? ምንም። እያንዳንዱ ኩርባ መግቢያ፣ መሐልና መውጫ አለው። ልጁ በሦስቱም ላይ እንዲናገር አስተምሩት። «በሦስተኛው ኩርባ ስገባ ፊቱ እሺ ይላል፣ መሐሉ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስወጣ ሞተሩ ይታፈናል» ካለ፣ መካኒኩ ወዲያው የውስጠኛው የኋላ ጎማ ቶሎ መውረዱን ይገምታል፤ የሚነካውን ነገር ያውቃል። «ስገባ ጅራቱ ያመልጣል» ካለ ደግሞ፣ ካርቱን ከመንካት በፊት ልጁ ፍሬኑን እንዴት እንደያዘ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ማርሽ በሌለው ካርት ላይ ፍሬኑ ያለው በኋላ አክስል ላይ ብቻ ነው፤ መሪውን እያዞረ አጥብቆ ከረገጠ ጅራቱ ማምለጡ የእርሱ የእግሩ ሥራ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን የሚናገር ልጅ ያስፈልጋል። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ማለት የሚችል ልጅ ቡድኑን የግማሽ ቀን ሥራ ያድነዋል። ይህን ለማለት ደግሞ ልጁ የማይፈራ ቤት ይፈልጋል። ወላጆች፣ ልጁ ከካርት ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የእናንተ ፊት ነው። ተቆጥታችሁ ከጠበቃችሁት ጥፋቱን በጎማው ላይ ያላክካል፣ በሞተሩ ያላክካል፣ በሌላው ልጅ ያላክካል። መካኒኩም የሌለ በሽታ ሲፈልግ ይውላል።

የመዝገብ ደብተር ይኑረው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ራሱ ይጻፍ፦ የአየሩ ሙቀት፣ የጎማ ግፊት ቀዝቃዛና ሙቅ፣ ጥርስ፣ የሞተሩ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዙር፣ የውሃው ሙቀት፣ ምርጡ ሰዓትና ምርጡ ሰዓት የመጣበት ዙር። የመጨረሻው ብዙ ይናገራል። ምርጡ ሰዓት ሁልጊዜ በሦስተኛው ዙር ከመጣ ግፊቱ በዝቷል፤ ሁልጊዜ በመጨረሻው ዙር ከመጣ አንሷል።

አየርተን ሴና በካርት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በ1979 እና በ1980 ሁለተኛ ነበር። በልጅነቱ በዝናብ ተሸንፎ ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰው ሲሸሽ እርሱ ካርቱን ይዞ ይወጣ ነበር። ለምን ዘገየሁ? ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን በውሃ ውስጥ ፈለገ። በዚያ ዘመን የቡድን ጓደኛው የነበረው ቴሪ ፉለርተን የ1973 የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ከካርት ግን ወደ መኪና አልወጣም። ሴና ሦስት ጊዜ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ1993 በአዴሌድ፣ አብሮ መሽቀዳደሙ ከሁሉ በላይ ያረካህ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የጠራው የፉለርተንን ስም ነበር። አስቡት! በካርት ላይ ያለው ፉክክር የልጅ ጨዋታ አይደለም።

ማክስ ቨርስታፕንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባቱ ዮስ የፎርሙላ 1 አሽከርካሪ፣ እናቱ ሶፊ ኩምፐን ጠንካራ የካርት ተወዳዳሪ ነበሩ። በ2012 በጣሊያን ሳርኖ በማርሽ ካርት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ መሪነቱን ተነጠቀ፤ ብዙ ዙር እያለ ወዲያው ላስመልስ ብሎ ገባ፣ ተጋጨ፣ ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሚቀጥለው ዓመት ግን፣ በ2013፣ በማርሽ ካርት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የአውሮፓንም በሁለት ምድብ ወሰደ። ከነበረው ፍጥነት ላይ መቼ እንደሚቀድም ማወቁ ተጨመረበት።

አራተኛው፣ ከካርት ወጥቶ መኪና ውስጥ መግባት።

ከካርት በኋላ ያለው የመኪና መሰላል ፎርሙላ 4፣ 3፣ 2 እያለ እስከ ፎርሙላ 1 ይወጣል። ፎርሙላ 4 በ15 ዓመት ይጀመራል። የካርቦን አካል አለው፣ ባሌስትራውም አሞርዛተሩም አለው፣ ማርሹ ከመሪው ጀርባ ነው፣ ክንፍ አለው፣ ክብደቱ ከካርቱ አራት እጥፍ ያህል ነው። ልጁ እዚህ ሲገባ የሚያውቀው ነገር ግማሹ ይጠቅመዋል፤ ግማሹ ይጎዳዋል። በግራ እግር ፍሬን መያዙ ይጠቅመዋል። በዐይን ጥግ ሌላውን ማየት፣ ጎን ለጎን ሆኖ መታጠፍ ይጠቅመዋል። መሪውን አጥብቆ መወርወሩ ግን ይጎዳዋል። ያን ልማድ ያመጣው የኋላ ጎማ ለማንሣት ነበር፤ አሁን ዴፍሬንሻል አለ፣ የሚነሣ ጎማ የለም። መሪውን ከወረወረ የፊት ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያልቃሉ። ልጁ «ፊቱ አይታጠፍም» ይላል፤ አብዝቶ ያዞራል፤ ይብስበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ፍሬኑ ነው። ክንፍ የሚፈጥረው ወደ ታች የሚጫን ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ያለው ጫና በ120 ላይ ሩቡ ብቻ ነው። ይህ ለእግር ምን ማለት ነው? መጀመሪያ በሙሉ ኃይል ርገጥ፤ ያኔ አየሩ ጎማውን መሬት ላይ ጭኖታል፣ አይቆለፍም። ፍጥነቱ ሲወርድ ጫናው ይሸሻል፤ እግርህንም ከእርሱ ጋር እኩል እያላላህ ና። ከካርት የመጣ ልጅ ግን በተቃራኒው ያደርጋል፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና ኩርባው ሲደርስ ያጠብቃል። ጎማው ይቆለፋል፣ ጭስ ይወጣል፣ አንድ ቦታው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያ ስብስብ ጎማ አበቃ። በቴሌሜትሪው፣ ማለትም መኪናው በሚመዘግበው መረጃ፣ ላይ የጥሩ አሽከርካሪ የፍሬን መስመር እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ከዚያ እንደ ኮረብታ ቁልቁል በዝግታ ይወርዳል። ልጁ ይህን መስመር ከጓደኛው መስመር ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይማር። ለምን ዘገየሁ? መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ ተሥሏል።

ፎርሙላ 3 ሲደርስ 3.4 ሊትር ሞተርና 380 የፈረስ ጉልበት ይጠብቀዋል፤ ፎርሙላ 2 ላይ ቱርቦ ተጨምሮ 620። በሁለቱም መሪውን የሚያግዝ ኃይል የለም። ክንዱና አንገቱ ያልጠነከረ ልጅ ሃያኛው ዙር ላይ መሪውን መያዝ ያቅተዋል። ልምምዱ በአንድ የውድድር ሳምንት መጨረሻ 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ የ30 ደቂቃ ማጣሪያ ይገባል። ለስላሳው ጎማ ምርጡን የሚሰጠው በአንድ ወይም በሁለት ዙር ነው። ትራኩን የሚማረው እዚያ ሳይሆን አስቀድሞ ሲሙሌተር፣ ማለትም መኪና መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ፣ ላይ ነው። ሲሙሌተር ላይ መቶ ዙር የነዳ ልጅ ግን ስለ ዙሮቹ መናገር ካልቻለ መቶውም አንድ ዙር ናቸው።

ካርት የሚያስተምረው ግን እስከ ላይ አብሮ ይሄዳል። በኅዳር 2016 በኢንተርላጎስ በዝናብ ቨርስታፕን ከአሥረኛ ደረጃ በታች ወርዶ ነበር። ሌሎቹ የተለመደውን መስመር ሲይዙ እርሱ ሰፋ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። የተለመደው መስመር ላይ የተጋገረው የጎማ ላስቲክ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከእርሱ ውጭ ያለው ሸካራ አስፋልት ግን ይይዛል። ይህን ማንኛውም በዝናብ የነዳ የካርት ልጅ ያውቀዋል። ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

አሁን ስለ መንገዱ። ፎርሙላ 1 ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ዕድሜ 18፤ ለየት ላለ ችሎታ ከ2024 ጀምሮ በ17ም ሊፈቀድ ይችላል። በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ አለበት። የፎርሙላ 2 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 40 ይሰጣሉ፣ የፎርሙላ 3 ሻምፒዮንነት 30፣ የፎርሙላ 4 ደግሞ 12። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ቨርስታፕን በ17 ዓመቱ፣ ገና የመደበኛ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው፣ በመጋቢት 2015 በሜልቦርን ከተወዳደረ በኋላ ነው። እርሱ በመኪና የተወዳደረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ በ2014 በአውሮፓ ፎርሙላ 3 አሥር ውድድር አሸንፎ በአጠቃላይ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።

እርሱን አይታችሁ ልጃችሁን አታስቸኩሉ። ሉዊስ ሃሚልተንን ደግሞ እዩት። በስምንት ዓመቱ ካርት ጀመረ፤ አባቱ አንተኒ ወጪውን ለመሸፈን ብዙ ሥራ ደራርበው ይሠሩ ነበር። በ1995 በአንድ የሽልማት ምሽት አሥር ዓመቱ ሳለ የማክላረን ፎርሙላ 1 ቡድን አለቃ ሮን ዴኒስን ቀርቦ ለእናንተ መንዳት እፈልጋለሁ አላቸው፤ በ1998 ቡድኑ በድጋፍ ፕሮግራሙ ያዘው። በ2004 በፎርሙላ 3 ዩሮ ሲሪስ አንድ ውድድር ብቻ አሸንፎ አምስተኛ ሆነ። መውጣት ፈልጎ ነበር፤ ቡድኑ ግን በዚያው እንዲደግም ፈለገ። ደገመ። በ2005 ከ20 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት የጂፒ 2፣ ማለትም የዛሬው ፎርሙላ 2 ቀዳሚ፣ ሻምፒዮን፣ በ2007 ፎርሙላ 1 ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ውድድሮች በሙሉ መድረክ ላይ ወጣ። አንድን ምድብ መድገም ውርደት አይደለም። ያልገባውን ትምህርት ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው የሚያዋርደው።

ገንዘቡን አልደብቃችሁም። የአንድ ፎርሙላ 2 ዓመት ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይጠይቃል። በካርት ላይም የሚያከስረው ሻንሲው አይደለም፤ ጎማና የሞተር እድሳት ነው። ስለዚህ አዲስ ጎማ የማጣሪያና የፍጻሜ ይሁን፤ ልምምድ በአሮጌ ጎማ። ካርት ባለበት ከተማ የክለብ ውድድር ላይ ሁለት ዓመት መቆየት አንድ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮና ሠላሳኛ ከመሆን ይበልጣል፤ መሐል ላይ ሆኖ የሚጋጭ ልጅ ፍጥነቱንም አይለካም፣ ካርቱንም አይማርም። ነጥቡና ገንዘቡ ተሟልቶ እንኳ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ኦስካር ፒያስትሪ የፎርሙላ ሬኖን በ2019፣ ፎርሙላ 3ን በ2020፣ ፎርሙላ 2ን በ2021 ተከታትሎ አሸንፎ፣ በ2022 ወንበር አጥቶ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ያኔ በዓለም ላይ የነበረው ወንበር 20 ብቻ ነበር። ያን ዓመት ቁጭ ብሎ አላሳለፈውም፤ በአሮጌ መኪና ልምምድና በሲሙሌተር ሠራ። በ2023 ማክላረን ገባ።

ብዙ አወራሁ፤ ልጆቹ እግራቸው ተንቀጠቀጠ። እንግዲህ ልጆች፣ የግፊት መለኪያችሁን ያዙና ተነሡ። በር ላይ ሁለት ካርት ቆመዋል፤ አንዱ ጥላ ውስጥ ነው፣ አንዱ ፀሐይ ላይ። ጠዋት የሁለቱም ጎማ እኩል 0.70 ባር ተነፍቷል። ስምንቱንም ለኩ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ የፀሐዩ ካርት ግራ ጎማዎች ከቀኞቹ ለምን እንደተለዩ መጥታችሁ ንገሩኝ።